ስንቅ የሌለው ዘር

አንድ የባቄላ ፍሬ ውኃ ውስጥ አሳድራችሁ ብትከፍሉት ሁለት ወፍራም ክክ ታያላችሁ። ይህ የቡቃያው ስንቅ ነው። ጤፍ እንኳ ያን ያህል ደቃቅ ሆና ሳለች ለመጀመሪያው ሥርና ቅጠል የሚበቃ ምግብ ይዛ ትዘራለች። ኦርኪድ የሚባለው የአበባ ወገን ግን ከዚህ የተለየ ነው። ዘሩ እንደ አቧራ የላመ ነው፤ በአንድ ከረጢት ውስጥ ብዙ ሺህ፥ በአንዳንዱ ዝርያም እስከ ሚሊዮን የሚደርስ ዘር ይገኛል። ነፋስ ሩቅ ይወስደዋል፤ ስንቅ ግን አልያዘም። ታዲያ በምን ይበቅላል?

መልሱን ያገኘው ኖኤል ቤርናር የተባለ ወጣት ፈረንሳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 በውትድርና አገልግሎት ላይ ሳለ፥ ፎንቴንብሎ ከተባለው ጫካ አካባቢ በረገፈ ቅጠል ተሸፍኖ የቆየ የኦርኪድ ዘር ከረጢት አገኘ። ውስጡ ያሉት ዘሮች በቅለው ነበር። በአጉሊ መነጽር ሲመረምራቸው በቡቃያዎቹ ውስጥ የፈንገስ ክር ተጠምጥሞ አየ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእንጉዳይና ከሻጋታ ወገን የሆነ ረቂቅ ክር በአፈር ውስጥ የበሰበሰ ሣርና ቅጠል እየበላ ይኖራል። ይህ ክር ወደ ዘሩ ሲዘልቅ የዘሩ ሕዋሳት በውስጣቸው እንደ ልቃቂት ያጠነጥኑታል፤ ቆይተውም ያልሙታል። ቡቃያው ስኳርና ማዕድን የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነው። ቅጠል ሳያወጣ፥ ትንሽ እንክብል መስሎ፥ ወራት፥ አንዳንዱም ዓመታት ከመሬት በታች ይቆያል። ከብት በላዩ ይግጣል፥ ሰው ያልፋል፥ ማንም አያውቀውም።

«ታዲያ ኦርኪድ ሌባ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2006 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በአንድ አረንጓዴ ኦርኪድ ላይ እንዳሳዩት፥ ተክሉ ካደገ በኋላ በቅጠሉ ከሠራው ስኳር ለፈንገሱ ይመልስለታል። ቢያንስ ይህኛው ብድሩን ይከፍላል ማለት ነው።

በአገራችን ከ150 በላይ የኦርኪድ ዝርያዎች ይታወቃሉ። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከሁለት የውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2004 ስለ እነዚህ መጽሐፍ አሳትመዋል። አንዳንዶቹ በጫካ ውስጥ ሽበት ባለው ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ይበቅላሉ። ሌሎቹ እንደ ሱሉልታ ባለ ደጋማ የሣር መሬት በጋውን ከመሬት በታች እንደ ድንች ባለ ሥር ያሳልፉና በክረምት ያብባሉ።

ሰበታ፥ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው፤ ቤትም በየቀኑ ይሠራል። ቤት አይሠራ አንልም። ነገር ግን ለመሠረት የላይኛው አፈር ተዝቆ ሲጣል ያ ረቂቅ ክር አብሮ ይጣላል። የፈንገስ ማጥፊያ መድኃኒትም ሊገድለው ይችላል። አበባው ያማረው ሰው ነቅሎ በጣሳ ቢተክለው፥ ተክሉ ጥቂት ቢከርም እንኳ የሚረግፈው ዘር ያለ ክሩ አይበቅልም።

እርግጥ አሜሪካዊው ሉዊስ ክኑድሰን እ.ኤ.አ. በ1922 ዘሩን ያለ ፈንገስ በስኳር ላይ ማብቀል እንደሚቻል አሳይቷል፤ የአበባ ነጋዴዎችም ተጠቅመውበታል። ያ ግን ንጹሕ ጠርሙስና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። ለእኛ ቀላሉ ሌላ ነው። ቦታው የግድ የሚቆፈር ከሆነ፥ ተክሉን በዙሪያው ካለው ሣርና አፈር ጋር በአካፋ ሰፋ አድርጎ አንሥቶ፥ ተመሳሳይ ወደሆነ ሣር መሬት ማዛወር። ዘሩ ሲደርስም ያንኑ የእናቲቱን ግርጌ ለቀቅ አድርጎ እዚያው መበተን።