«ብርድ ነው» ብለሽ አትለፊው

ጀበናውን እኔ አየዋለሁ፣ አንቺ አረፍ በይ። ሰሞኑን ሆድሽን ይዘሽ ስታጎነብሺ አይቻለሁ። «ብርድ መትቶኝ ነው» አልሽኝ፤ እዚህ በሃና ቆላ ግን ብርድ ለሳምንት ሆድ አያሳምምም፣ እህቴ።

ከእምብርት በታች የማይለቅ ሕመም፣ ሽታው የተለወጠ ፈሳሽ፣ በግንኙነት ጊዜ ሕመም፣ ያለ ወቅቱ የሚመጣ ደም ካለ የማህፀን ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ መነሻው በግንኙነት የሚተላለፍ ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ ነው፤ ከማህፀን አፍ ተነስቶ ወደ ማህፀን፣ ከዚያም ወደ ቱቦዎቹ ይወጣል። ከወሊድና ከውርጃ በኋላም ይከሰታል። የያዛት ሴት ሁሉ ባለጌ ናት የሚለውን ወሬ አትስሚ። ከባልሽ ሌላ ሰው ባታውቂም ሊይዝሽ ይችላል። ከኩራዝ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ወዲህ እዚህ ስንቱ ወንድ ለወራት ከቤቱ ርቆ ይኖራል! ክላሚዲያ ደግሞ በሴቷም በወንዱም ላይ ምልክት ሳያሳይ ይቆያል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ሕመሙ ካለፈ በኋላ ቱቦው ላይ የሚቀረው ጠባሳ ነው። በስዊድን ሉንድ ከተማ በዚህ ኢንፌክሽን ታመው የነበሩ ሴቶችን ለዓመታት ተከታትለው ነበር። አንድ ጊዜ ከታመሙት ከመቶ 8 ያህሉ ቱቧቸው ተጎድቶ መውለድ አልቻሉም፤ ሁለት ጊዜ ከታመሙት 20፣ ከዚያ በላይ ከታመሙት 40 ያህሉ። እኛ ዘንድ ያልወለደች ሴት ምን እንደምትባል ታውቂያለሽ። በጠባሳው የተነሳ ጽንስም ቱቦው ውስጥ ሊቀር ይችላል። የወር አበባሽ ቀርቶ አንድ ጎንሽን አጥብቆ ካመመሽና ካዞረሽ እስኪነጋ አትጠብቂ። ከዚህ በማጎ ፓርክ በኩል ጂንካ ሆስፒታል እስኪደረስ ጊዜ ይፈጃል፤ ቱቦው ከፈነዳ ደሙ ወደ ውስጥ ስለሚፈስ አይታይሽም።

ነገ ጤና ጣቢያ አብሬሽ እሄዳለሁ፤ ካፈርሽ ወሬውን እኔ እጀምርልሻለሁ። እርግዝና ከጠረጠርሽ አስቀድመሽ ተናገሪ፣ መድኃኒቱ ይለወጣል። ብዙ ጊዜ መርፌና ለ14 ቀን የሚዋጥ ክኒን ነው። በጥቂት ቀን ሲሻላቸው ክኒኑን የሚያቆሙ፣ የተረፈውንም ለጎረቤት የሚሰጡ አሉ፤ አንቺ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ዋጪው። በሦስተኛው ቀን ካልተሻለሽ፣ ወይም ትኩሳትና ትውከት ከመጣ ቶሎ እንመለሳለን። ውስጥሽን በሳሙናም በሎሚም አትታጠቢ፣ ጀርሙን ወደ ላይ ሊገፋው ይችላል።

ባልሽም ምንም ባያመው መታከም አለበት፤ አለዚያ አንቺ ድነሽ እንደገና ይይዝሻል። ሁለታችሁም መድኃኒቱን ሳትጨርሱ አብራችሁ አትተኙ። መንገሩ ከከበደሽ አዋላጇን ምከሪያት፤ እንዴት እንደሚነገር ታውቃለች፣ ፈቃደኛ ከሆነም ሁለታችሁን አንድ ላይ ታነጋግራለች።