ይቅርታና እርቅ አንድ ናቸው ወይ?



«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚለውን አባባል የማያውቅ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ሌባ ሳል ከያዘው እንደሚጋለጥ ሁሉ፣ ቂም ይዞ የሚጸልይ ሰውም ጸሎቱ አይሠምርለትም ለማለት ነው። እኔም ይህን አባባል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ። ነገር ግን የሚመለከተው የተበደለውን ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። በድሎ የሚጸልይስ? ይህን ጥያቄ ያነሳሁት ባለፈው ዓመት ራሴ በዳይ ሆኜ ከተገኘሁ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንደኛ ዓመት ሳለን «በቅርብ ከምታውቁት ሰው ሕይወት ተነስታችሁ ጻፉ» የሚል አሳይመንት ተሰጠን። እኔም በአንድ ዶርም አብራኝ የምትኖር ጓደኛዬ፣ አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሁላችንም በየአልጋችን ሳለን፣ ስለ ቤተሰቧ ያጫወተችኝን ጻፍኩት። ስሟን አልጠቀስኩም። ጽሑፉ ለክፍሉ ተነበበ፣ መምህሩም አመሰገነኝ። ይሁን እንጂ የመጣችበትን ከተማና የእህት ወንድሞቿን ቁጥር አስገብቼ ስለነበር የብሎካችን ልጆች ማን እንደሆነች ለማወቅ አልተቸገሩም። ታሪኩ ምን እንደነበር እዚህ አልደግመውም። ለምን እንደማልደግመው ወደ መጨረሻው ይገባችኋል።

በማግስቱ ኮሪደር ላይ አገኘኋትና «ካስከፋሁሽ ይቅርታ» አልኳት። «እሺ» ብላኝ አለፈች። ከዚያ በኋላ ሰባት ሳምንት ያህል አላናገረችኝም። እኔ ደግሞ «ይቅርታ ጠይቄያለሁ እኮ! ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?» እያልኩ ለሰው አወራ ጀመር። እንግዲህ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ማለት ይሄ ነው።

ማን ወደ ማን ይሂድ?

ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት እናቴ ደወለችልኝ። በአገራችን ልማድ ጾም ሳይገባ የተጣላ ይታረቃልና «የተቀየምሽው ሰው ካለ ታረቂ» አለችኝ።

«ኧረ እማዬ፣ እኔ ማንንም አልተቀየምኩም» አልኳት።

«አንቺን የተቀየመስ?»

መልስ አልነበረኝም። በኋላ ማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ቁጥር 23 እና 24ን ሳነብ ጥያቄዋ ከዚያ የመጣ መሆኑ ገባኝ። ጌታችን እዚያ የሚናገረው መባውን ይዞ ወደ መሠዊያው ስለመጣ ሰው ነው። ይህ ሰው ወንድሙ በእሱ ላይ ቅሬታ እንዳለው ካስታወሰ፣ መባውን እዚያው ትቶ መጀመሪያ እንዲታረቅ ታዟል። ልብ በሉ፣ ቅሬታው ያለው ወንድሙ ዘንድ ነው። መባ ያመጣው ሰው ልክ እንደኔ «ማንንም አልተቀየምኩም» ሊል ይችል ነበር። በምዕራፍ 18 ቁጥር 15 ደግሞ የተበደለው ሰው ወደ በደለው ሄዶ ብቻ ለብቻ እንዲነግረው ታዟል። ስለዚህ «እሱ ይምጣ» ለማለት ለሁለቱም ፈቃድ አልተሰጣቸውም። ሁለቱም ቢታዘዙ መንገድ ላይ ይገናኛሉ ማለት ነው።

በዚያው ምዕራፍ ጴጥሮስ ወንድሜን እስከ ሰባት ጊዜ ይቅር ልበል ወይ ብሎ ሲጠይቅ የተሰጠው መልስ ሰባ ጊዜ ሰባት የሚል ነው። ቀጥሎ የሁለቱ ባለዕዳዎች ምሳሌ ይመጣል። አንዱ እልፍ መክሊት፣ ሌላው መቶ ዲናር ዕዳ ነበረባቸው። ዲናር የአንድ ቀን የሠራተኛ ደመወዝ ነበር። አንድ መክሊት ወደ 6,000 ዲናር ይጠጋል። ስለዚህ እልፍ መክሊት የ60 ሚሊዮን ቀን ደመወዝ ነው፣ በዕድሜ ልክ ሥራም አይከፈልም። እኔን የገረመኝ ግን ትንሹ ዕዳ ነው። መቶ ዲናር ከሦስት ወር በላይ ተሠርቶ የሚገኝ ገንዘብ ነው! ምሳሌው የተበደልነው በደል ኢምንት ነው አይለንም። ዕዳው እውነተኛ ዕዳ ነው፣ ይቅር የሚባለውም እውነተኛ ዕዳ ስለሆነ ነው። «ምን አካበድሽው» ተብሎ የሚገኝ ይቅርታ እንግዲህ ይቅርታ አይደለም።

ዮሴፍ ለምን ቶሎ ራሱን አልገለጠም?

ብዙዎቻችን ይቅርታንና እርቅን እንደ አንድ ነገር እንቆጥራቸዋለን። የዮሴፍን ታሪክ ቀስ ብሎ ያነበበ ሰው ግን ልዩነቱን ያገኘዋል። በዘፍጥረት 42 ወንድሞቹ እህል ፍለጋ ግብፅ ሲወርዱ ዮሴፍ ወዲያው አወቃቸው፣ ዞር ብሎም አለቀሰ። ቂመኛ ቢሆን ኖሮ በእጁ ነበሩ። ሆኖም ማንነቱን አልነገራቸውም። ጽዋውን በብንያም ስልቻ አስደብቆ ፈተናቸው። ያን ጊዜ «ዮሴፍን እንሽጠው» ብሎ ሐሳብ ያቀረበው ያው ይሁዳ፣ አሁን በብንያም ፋንታ እኔ ባሪያ ልሁን አለ። ዮሴፍ ራሱን የገለጠው ከዚህ በኋላ ነው።

እንደ እኔ አረዳድ፣ ይቅርታ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። እርቅ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ የተለወጠ ነገርም ይፈልጋል። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ባሏ የሚደበድባትን ሴት «ክርስቲያን አይደለሽም እንዴ? ይቅር በይና ግቢ» የሚሉ አስታራቂዎች አሉ። ይቅር ማለቷ አንድ ነገር ነው፣ ዱላው ሳይቆም ወደዚያ ቤት መመለስ ግን ሌላ ነው። ዮሴፍም ቢሆን ይሁዳ መለወጡን ሳያይ ማንነቱን አልገለጠም።

ከሁሉ የደነቀኝ ደግሞ ምዕራፍ 50 ነው። ያዕቆብ በግብፅ 17 ዓመት ኖሮ ሲሞት ወንድማማቾቹ «አሁን ይበቀለን ይሆናል» ብለው እንደገና ፈሩ። ከ17 ዓመት በኋላ! ለካስ እርቅ ከወረደም በኋላ ፍርሃት አብሮ ይኖራል።

ካሳው የት አለ?

የአገራችን ሽምግልና ይህን ያውቃል። ሽማግሌዎች ሁለቱን ወገን ለየብቻ ይሰማሉ፣ ከዚያ ያገናኛሉ፣ ካሳ ካለ ይቆርጣሉ፣ መጨረሻ ላይ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይባባላሉ። ዘኬዎስም በሉቃስ 19 የበደለውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ማንም ሳያስገድደው ነው። በትልቁም ጉዳይ ያው ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አባቶች የአገር ቤትና የስደት ሲኖዶስ ተብለው ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ተለያይተው ከኖሩ በኋላ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን ዲሲ ሲታረቁ፣ ተቃቅፈው ብቻ አልተለያዩም። ውግዘቱ ተነሣ፣ አቡነ መርቆሬዎስ ወደ አገራቸው ተመለሱ፣ አቡነ ማትያስ አስተዳደሩን እንዲመሩ፣ አቡነ መርቆሬዎስ ደግሞ በጸሎትና በቡራኬ እንዲያገለግሉ ተስማሙ። እርቁ ዝርዝር ነበረው።

የእኛን ነገር የያዘችልን የብሎካችን አንዲት ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። መጀመሪያ ለየብቻ ሰማችን። ከዚያ እኔን «ያደረግሽውን በራስሽ አፍ ተናገሪ፣ 'ግን' እና 'ካስከፋሁሽ' እንዳይኖርበት» አለችኝ። እነዚህን ሁለት ቃላት አውጥቶ መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ ሞክሩትና እዩት። እኔ ከክፍሉ ፊት ቆሜ ይቅርታ ልጠይቅ አስቤ ነበር። በሙያችን ስህተት የሚታረመው በግልጽ፣ ስህተቱ በወጣበት ቦታ ነው ተብለን ተምረናል አይደል? ጓደኛዬ ግን «ድጋሚ ልታነቢኝ ነው?» አለችኝ። ለካስ ያሰብኩት ለእሷ ሳይሆን ለራሴ ህሊና ነበር። እሷ የፈለገችው ሌላ ነው። መምህሩ ጽሑፌን ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች ምሳሌ እንዲሆን ፋይል ውስጥ አስቀምጦት ነበርና እሱ እንዲወጣላት ነው። ሄጄ ምክንያቱን ነገርኩትና ወረቀቱን መለሰልኝ። ለእሷ ሰጠኋት፣ ቀደደችው።

ከዚያ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኳት። «ይቅር ብያለሁ። ግን እንደ ድሮው ሌሊት ሌሊት የማወራሽ እንዳይመስልሽ» አለችኝ። ሲጀመር በጣም ከፋኝ፣ «ታዲያ ይሄ ምን ይቅርታ ነው?» አልኩ። አሁን ግን እንዲህ እረዳዋለሁ፤ ይቅርታውን ሰጥታኛለች፣ አመኔታውን ግን ሠርቼ ማምጣት ያለብኝ እኔ ነኝ። ጊዜውንም የምትወስነው እሷ ናት። ይቅርታ ጠያቂ ቀን አይቆርጥም።

ይህን ጽሑፍ ለቡለቲኑ ከማስገባቴ በፊት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩላት። ሁለት ዓረፍተ ነገር አስወጣችኝ፣ ሁለቱም ደህና የጻፍኳቸው መስለውኝ የነበሩ ናቸው። አወጣኋቸው። ከዚያም ወረቀቱን ተቀብላ እንደገና ለብቻዋ አነበበችውና «ይሄኛው ይውጣ» አለችኝ።

እናንተስ? «ማንንም አልተቀየምኩም» ከማለታችሁ በፊት የእናቴን ጥያቄ ለራሳችሁ አንሱት። ቸር እንሰንብት።