ለትልቅ የጨው ውሃ አኳሪየም መብራት ከመግዛታችን በፊት



ልጅ ወይም የልጅ ልጅ «የባሕር ዓሣ በቤታችን እናርባ» ብሎ ሲጠይቅ፣ ወላጅ መጀመሪያ የሚያሰላው የመስታወቱንና የዓሣውን ዋጋ ነው። መብራቱ የሚታሰበው መጨረሻ ላይ ነው። ሱቅ ሲደረስ ግን ከጥቂት መቶ ሼቄል አንሥቶ ብዙ ሺህ ሼቄል የሚያወጣ መብራት ተደርድሮ ይታያል፤ ሻጩም «በታሽሉሚም ይከፈላል» ይላል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው፣ ገንዘቡ ከኪስ ሳይወጣ ነገሩን ማወቅ ይበጃል።

እኛ የማኅበረሰብ ነርሶች ስለ አኳሪየም መብራት ለምን እንጽፋለን? ጨዋማ ውሃና ኤሌክትሪክ ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ቤት ውስጥ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ስላሉ ነው። ስለዚህ የዛሬው ትምህርታችን ሁለቱን አብሮ ይዟል፤ ገንዘብን ያለ አግባብ አለማውጣትንና የቤተሰብን ደኅንነት።

መብራቱ ለማን ነው?

የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው መብራት ይሻላል?» የሚለው አይደለም። «በገንዳው ውስጥ የሚኖረው ማን ነው?» የሚለው ነው። መልሱ ዋጋውን በብዙ እጥፍ ይለውጠዋል።

ዓሣ ብቻ ከሆነ፣ ዓሣ በብርሃን አይመገብም። ቀንና ሌሊቱን እንዲለይ፣ እኛም እንድናየው የሚበቃ ቀላል መብራት ያስፈልገዋል፤ ከዚያ በላይ አይፈልግም። እንዲያውም ብዙ ዓሦች ኃይለኛ ብርሃን ሲበዛባቸው ከድንጋይ ሥር ይደበቃሉ።

ኮራል፣ በዕብራይስጥ አልሞግ የሚባለው፣ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኮራል ድንጋይ ወይም ተክል ቢመስልም እንስሳ ነው። በገላው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን አልጌዎች ይኖራሉ። እነዚህ አልጌዎች እንደ ቅጠል ከብርሃን ምግብ ይሠራሉ፣ ከሠሩትም ለኮራሉ ያካፍላሉ። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነቱ ኮራል መብራት ማለት ምግብ ማለት ነው፤ ብርሃኑ ካነሰ ቀስ በቀስ በረሃብ ይሞታል። በኤላት ባሕር ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ኮራል በብዛት የሚያድገው ውሃው ጥርት ያለና ፀሐዩ ብርቱ ስለሆነ ነው። (ከኤላት ባሕር ኮራል ማውጣት በሕግ የተከለከለ መሆኑን ለልጆች ንገሯቸው። ኮራል የሚገዛው ሕጋዊ ከሆነ ሱቅ ብቻ ነው።)

እንግዲህ ልጃችሁ ዓሣ ብቻ የሚፈልግ ከሆነ፣ ለኮራል የተሠራውን ውድ መብራት መግዛት ለሁለት ሰው ቤተሰብ የሠርግ ድስት እንደ መግዛት ነው። «ምናልባት በኋላ ኮራል እጨምራለሁ» ካለም አሁን ቀላሉን ይግዛ፤ ሌላው በጊዜው ይደርሳል።

ብርሃን ወደ ውሃ ሲወርድ

ብርሃን በውሃ ውስጥ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ይቀንሳል። ቀዩ ቀለም ቀድሞ ይጠፋል፤ ሰማያዊው ግን ጠልቆ ይወርዳል። የባሕር አኳሪየም መብራት ሰማያዊነት የሚበዛበት ለዚህ ነው። በካርቶኑ ላይ ኬልቪን በሚባል መለኪያ ቁጥር ይጻፋል። የቀን ብርሃን የሚመስለው 6,500 አካባቢ ነው፤ የባሕር አኳሪየም መብራት ብዙውን ጊዜ ከ10,000 እስከ 20,000 ይሆናል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል።

ይህ ቁጥር ቀለሙን እንጂ ኃይሉን አይናገርም። ኮራል የሚጠቀምበት የብርሃን መጠን የሚለካው ፓር በሚባል ሌላ መለኪያ ነው። ለስላሳ ኮራሎች ባሉበት ቦታ ከ50 እስከ 150 ፓር ይበቃቸዋል። ቅርንጫፍ ያላቸው ጠንካራ ኮራሎች ግን ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 350 ይፈልጋሉ። ሻጩን «ይህ መብራት በ60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ስንት ፓር ይሰጣል?» ብላችሁ ጠይቁት። ሥራውን የሚያውቅ ሻጭ ቁጥር ወይም ሠንጠረዥ ያሳያችኋል። «በጣም ኃይለኛ ነው» ብቻ ካለ መልስ አልሰጠም።

ሦስቱ የመብራት ዓይነቶች

ፍሎረሰንት፦ ረጅሙ ቱቦ ነው። ብርሃኑን በገንዳው ላይ እኩል ያሰራጫል፣ መጀመሪያ ሲገዛም ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ይረክሳል። ነገር ግን ብርሃኑ እየደከመ ስለሚሄድ ኮራል ባለበት ገንዳ ቱቦዎቹ በየዓመቱ ገደማ ይለወጣሉ። ይህን ወጪ ከዋጋው ጋር ደምሩት።

ሜታል ሃላይድ፦ በጣም ኃይለኛ ነው፤ ጥልቅ ገንዳ ውስጥም ይደርሳል። ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ውሃውንም ያሞቃል። የባሕር አኳሪየም ውሃ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ አካባቢ መቆየት አለበት። በእስራኤል በጋ ላይ ይህ መብራት ሲጨመር ውሃውን የሚያቀዘቅዝ ሌላ መሣሪያ መግዛት ሊያስፈልግ ይችላል። በተጨማሪም የዚህ መብራት መከላከያ መስታወት ከተሰነጠቀ ወይም ከተነሣ ዓይንና ቆዳ የሚያቃጥል ጨረር ይወጣል። መስታወቱ ሳይኖር በፍጹም አይብራ።

ሌድ፦ ዛሬ ብዙ ሰው የሚገዛው ይህን ነው። ከሜታል ሃላይድ ያነሰ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ወደ ውሃው የሚልከው ሙቀት ትንሽ ነው፣ ቀለሙና ኃይሉም በብዙዎቹ ላይ ይስተካከላል። ካርቶኑ ላይ «50,000 ሰዓት» ተብሎ ቢጻፍ፣ በቀን 10 ሰዓት ሲበራ 13 ዓመት ተኩል ያህል ማለት ነው። ነገር ግን የጨው እንፋሎት ማራገቢያውንና ሽቦውን ስለሚበላ ቀድሞ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ መለዋወጫ አገር ውስጥ መኖሩን ጠይቁ።

አንድ የጤና ማሳሰቢያ እንጨምር። ፍሎረሰንትና ሜታል ሃላይድ ውስጥ ሜርኩሪ አለ። ቢሰበሩ መስኮት ክፈቱ፣ ልጆችን ከክፍሉ አስወጡ፣ ለጥቂት ደቂቃ እናንተም ውጡ። ስብርባሪውን በመጥረጊያ ወይም በኤሌክትሪክ መጥረጊያ ማሽን አታንሡ። በካርቶን ሰብስባችሁ፣ ቦታውን በእርጥብ ወረቀት ጠርጋችሁ፣ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ አድርጉት።

ስንት ያስፈልጋል? ሂሳቡስ?

ርዝመቱ 150፣ ወርዱ 60፣ ከፍታው 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ 540 ሊትር ይይዛል። ውሃው ብቻ ከግማሽ ቶን በላይ ይመዝናል፤ ፎቅ ላይ ለምትኖሩ ይህም መጠየቅ ያለበት ነገር ነው። አንድ የኮራል ሌድ ብዙውን ጊዜ 60 በ60 ሳንቲ ሜትር ያህል ቦታ ይሸፍናል። ስለዚህ ለዚህ ገንዳ ሁለት ወይም ሦስት ያስፈልጋል። ሱቅ ውስጥ የሚነገራችሁ ዋጋ የአንዱ ነው ወይስ የሁሉም? ይህን ሳታረጋግጡ አትፈርሙ።

የኤሌክትሪኩን ወጪ ለማወቅ ዋቱን በሰዓቱ አባዙ፣ ለ1,000 አካፍሉ፤ የሚመጣው በቀን የሚፈጀው ኪሎዋት ሰዓት ነው። ለማስላት እንዲመች አንዱን ኪሎዋት ሰዓት 60 አጎሮት እንበል። ትክክለኛውን ዋጋ ከቤታችሁ ሒሳብ ላይ አንብቡ።

ዓሣ ብቻ፣ 50 ዋት፣ በቀን 10 ሰዓት፦ በወር 15 ኪሎዋት ሰዓት፣ 9 ሼቄል።

ኮራል፣ ሦስት ሌድ እያንዳንዱ 150 ዋት፦ በወር 135 ኪሎዋት ሰዓት፣ 81 ሼቄል።

ኮራል፣ ሦስት ሜታል ሃላይድ እያንዳንዱ 250 ዋት፦ በወር 225 ኪሎዋት ሰዓት፣ 135 ሼቄል።

ሒሳቡ በየሁለት ወሩ የሚመጣላችሁ ከሆነ እጥፍ አድርጉት። የውሃ ፓምፑና ማሞቂያው ከዚህ ውጭ ናቸው። በጡረታ ገንዘብ ለሚኖር ቤት ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ስንት ሰዓት ይብራ? ሰንበትስ?

በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይበቃል። ከዚያ ሲበዛ የሚጠቀመው አብዛኛውን ጊዜ መስታወቱን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌ ነው። ሌሊት ጨለማ መሆን አለበት፤ ዓሣም ያርፋል።

መብራቱ በየቀኑ በአንድ ሰዓት እንዲበራና እንዲጠፋ ሸዖን ሻባት ተጠቀሙ። ሰንበትን በሚያከብር ቤት ይህ ችግሩን በሙሉ ይፈታል፤ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይስተካከላል፣ በሰንበት ማንም እጁን አያነሣም። ብዙ ሌዶች ሰዓቱን በውስጣቸው ይዘዋል። በሜካኒክ የሚዞረው ሰዓት ግን መብራት በጠፋ ጊዜ ስለሚቆም፣ ኤሌክትሪክ ሲመለስ መስተካከል አለበት። ሰዓቱ የሚችለው ኃይል ከመብራቶቹ ድምር በላይ መሆኑንም አረጋግጡ።

ገንዳው ልጅ ወይም ሽማግሌ በሚተኛበት ክፍል ባይሆን ይመረጣል። ማታ የሚበራ ሰማያዊ ብርሃን አንጎልን «ገና ቀን ነው» ስለሚለው እንቅልፍ ያዘገያል። በእስራኤል ሰዓት ከ11:00 እስከ 20:00 ቢበራ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ተመልሰው ያዩታል፣ ከመኝታም በፊት ይጠፋል። አንዳንድ ሌዶች መብረቅ የሚመስል ብልጭታ አላቸው። በቤቱ ውስጥ ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን የሚጥል በሽታውን የሚቀሰቅስበት ሰው ካለ ይህን አታብሩ።

አዲስ ኃይለኛ መብራት ሲገባ በዝቅተኛ ኃይል ጀምሮ በሳምንታት ውስጥ ከፍ ይደረጋል። ኮራል ድንገት ብዙ ብርሃን ሲያርፍበት በገላው ያሉትን አልጌዎች አውጥቶ ይነጣል። ሲነጣ ካያችሁ፣ የውሃውን ሙቀትና የመብራቱን ኃይል ቶሎ እንዲመለከት ለልጁ ንገሩት።

ጨው፣ ውሃና ኤሌክትሪክ

ይህን ክፍል ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው።

1. ገንዳው የሚሰካበት መስመር 30 ሚሊአምፔር በሆነ ማፍሴክ ፓኻት የተጠበቀ ይሁን። ሰው ኤሌክትሪክ ሲይዘው ቶሎ የሚቆርጠው ይህ ነው። ከሌለ ወይም ካልታወቀ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይምጣ። የኤሌክትሪክ መስመር ሥራ ያለ ፈቃድ በሕግ የተከለከለ ነው፤ የጎረቤት ልጅ ጎበዝ መሆኑ አይበቃም።

2. የፓኻቱን መሞከሪያ ቁልፍ በየወሩ ተጫኑ፤ መቁረጥ አለበት። በቤቱ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የኦክስጅን መሣሪያ የሚጠቀም ሕመምተኛ ካለ ግን ከመሞከራችሁ በፊት አማራጭ አዘጋጁለት።

3. ገመዱ ከሶኬቱ በታች ጎብጦ ይንጠልጠል። እንደዚያ ሲሆን የሚወርደው ጠብታ ወደ ሶኬቱ ሳይገባ መሬት ይወድቃል።

4. ማከፋፈያ ሶኬት መሬት ላይ ወይም ከገንዳው ሥር አይቀመጥ፤ አንዱ ማከፋፈያም በሌላው ላይ አይሰካ።

5. እጅ ውሃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት መብራቱና ሌላው መሣሪያ ሁሉ ይነቀል።

6. ከጣሪያ የሚንጠለጠል መብራት በሁለት የተለያየ ማሰሪያ ይያዝ። በሶኬትና በገመድ ላይ ነጭ የጨው ቅርፊት ከታየ ነቅላችሁ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ።

ሰው ኤሌክትሪክ ከያዘው አትንኩት፤ መጀመሪያ ዋናውን ማጥፊያ አውርዱ፣ ከዚያ በ101 ማጌን ዳቪድ አዶምን ጥሩ። እሳት ከተነሣ ውሃ አታፍስሱበት፣ ከቤት ውጡ፣ 102 ደውሉ።

መብታችሁን ዕወቁ

መብራቱ በስልክ ወይም በኢንተርኔት ከተገዛ፣ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ዕቃው ከደረሰ በኋላ በ14 ቀን ውስጥ ግዢውን እንድትሰርዙ ይፈቅዳል። ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ አካል ጉዳት ላለባቸውና አገር ውስጥ ከገቡ 5 ዓመት ላልሞላቸው አዲስ መጤዎች፣ በሽያጩ ጊዜ ከሻጩ ጋር ንግግር ከነበረ ጊዜው 4 ወር ነው። ያለ ምክንያት ሲሰረዝ ሻጩ ሊያስቀር የሚችለው ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሼቄል፣ ከሁለቱ ያነሰውን ነው። ደረሰኙንና የአኅራዩት ወረቀቱን አትጣሉ፤ ቃል የተገባላችሁም በጽሑፍ ይሁን።

ሱቅ ስትሄዱ እነዚህን ጥያቄዎች ቆርጣችሁ ያዙ፦

ገንዳው ዓሣ ብቻ ነው ወይስ ኮራልም አለው? ለዚህ ርዝመትና ጥልቀት ስንት መብራት ያስፈልጋል፣ የሁሉም ዋጋ በአንድነት ስንት ነው? ድምሩ ስንት ዋት ነው? ከጨውና ከእርጥበት የተጠበቀ ነው? የደረጃ ምልክት አለው? አኅራዩቱ የስንት ጊዜ ነው፣ የሚጠግነውስ ማን ነው?

መልሱን ልጁ ራሱ በወረቀት ይጻፈው፣ ለወላጆቹም ያስረዳ። የገንዳውን ዕለታዊ ሥራ የሚይዘው እርሱ ስለሆነ፣ ገና ከመግዛቱ በፊት መጠየቅንና ማስላትን ከተማረ ዓሦቹም ቤተሰቡም ይጠቀማሉ።