ለቆዳ የሚሆነው የስፌት መኪና የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ በትርፍ ጊዜዬ ከቆዳ የኪስ ቦርሳና ቀበቶ እሠራለሁ። የቤታችን ሲንጀር ግን ቆዳው ሲደረብ ስፌት ይዘላል፤ ክርም ይበጥሳል። ምን ዓይነት መኪና ልግዛ?
(ከከዚራ፣ ድሬ ዳዋ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ችግሩ የጉልበት ማነስ ብቻ አይደለም። የልብስ መኪና ጨርቅ የሚገፋው ከሥር ባሉት ጥርሶች ነው። ቆዳ ግን ከላይ ከሚጫነው እግር ጋር ስለሚጣበቅ የታችኛው ሲሄድ የላይኛው ወደኋላ ይቀራል።

ከመግዛትዎ በፊት ጫፉ ስለት ያለው የቆዳ መርፌ፣ 16 ወይም 18 ቁጥር፣ ከናይለን ክር ጋር ይሞክሩ። የስፌቱን እርምጃ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ያድርጉት። በቆዳ ላይ የተበሳ ቀዳዳ ተመልሶ አይገጥምም፤ ከተቀራረበ በዚያው መስመር ይቀደዳል። ለስስ የኪስ ቦርሳ ይህ ይበቃዎት ይሆናል።

ለቀበቶ ግን ጥርሱ፣ መርፌውና እግሩ አብረው የሚራመዱበትን የኢንዱስትሪ መኪና እመርጥልዎታለሁ፤ ፍጥነቱ የሚቀነስ ሞተር ቢኖረው ደግሞ እጅግ ይሻላል። የጫማ ጠጋኞች መኪና ዋጋው ቢያጓጓም ለረጅም ቀጥ ያለ ስፌት አይመችም። እዚያው ድሬ ዳዋ ቀፊራም ሆነ ታይዋን ገበያ ሲሄዱ የራስዎን ቆዳና ክር ይያዙ፤ ሻጩ ፊት በወፍራሙ ላይ ሰፍተው ይዩት።

መርፌ ቀይረውም ስፌት መዝለሉ ካልቆመ የመርፌውና ከሥር ክሩን የሚይዘው መንጠቆ ቅንጅት ተዛብቶ ሊሆን ስለሚችል ለስፌት መኪና መካኒክ ያሳዩት።