የኤሌክትሮኒክ በረራ ማሳያና የጉዞ ዕቅድ ቅንጅት በአነስተኛ አውሮፕላኖች፦ የባሕር ዳር–ላሊበላ መስመር በጋይንት ደጋ ላይ

1. መነሻ

ጋይንት በአገራችን የትምህርት ታሪክ ስሟ የሚነሣው በድጓ ማስመስከሪያዋ በቤተ ልሔም ነው። የድጓ ተማሪዎች ለዘመናት በእግራቸው ያቋረጡት ይህ ደጋ ለአነስተኛ አውሮፕላንም ቀላል መንገድ አይደለም። ከባሕር ዳር ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ኤርፖርት ወደ ላሊበላ ኤርፖርት ቀጥታ መስመር ቢሰመር ርዝመቱ ወደ 100 ኖቲካል ማይል (185 ኪሎ ሜትር ገደማ)፣ አቅጣጫው ከእውነተኛው ሰሜን 77 ዲግሪ ያህል ይሆናል። መስመሩ ከመንገዱ አጋማሽ ጥቂት አለፍ ብሎ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,100 ሜትር የሚበልጠውን የጉናን ተራራ በስተቀኝ በ10 ኪሎ ሜትር ግድም ትቶ ወደ ላይ ጋይንት ሰማይ ይገባል።

ይህ አጭር ጽሑፍ የሚመረምረው ጥያቄ አንድ ነው፤ በዘመናዊ የበረራ ማሳያ ላይ የተሣለው መስመር አውሮፕላኑ በእርግጥ ሊበርበት የሚችል መስመር ነውን?

2. የማሳያው አሠራርና ወሰኑ

እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በአነስተኛ አውሮፕላኖች ላይ የተስፋፋውን ጋርሚን ጂ 1000ን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ሥርዓቱ በሁለት ሰፋፊ ስክሪኖች ይሠራል። የመጀመሪያው የአውሮፕላኑን አቋም፣ ፍጥነትና ከፍታ ያሳያል፤ ሁለተኛው ካርታን፣ የሞተርን ሁኔታና የበረራ ዕቅድን ይይዛል። መረጃው የሚመነጨው ከአየር ግፊትና ሙቀት መለኪያ፣ ከአቋም ዳሳሽና ከጂፒኤስ ነው። አንደኛው ስክሪን ቢጠፋ ዋናው መረጃ ወደ ሌላኛው ይዛወራል።

የመሬት አቀማመጥ ማሳያው አውሮፕላኑ ካለበት ከፍታ በታች እስከ 100 ጫማ ድረስ የቀረበውንና ከአውሮፕላኑ የሚበልጠውን መሬት በቀይ፣ ከ100 እስከ 1,000 ጫማ ዝቅ ያለውን በቢጫ ይቀባል። ቀለሙ ግን የሚናገረው አውሮፕላኑ አሁን ስላለበት ከፍታ ብቻ ነው። የበረራ ዕቅዱ ሐምራዊ መስመርም አግድም እውነት ነው፤ ከየት ወደ የት እንደሚኬድ ይነግራል እንጂ ሞተሩ እዚያ ከፍታ ላይ መድረስ ይችል እንደሆነ አይመሰክርም። ክፍተቱ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው።

3. የናሙና ስሌት

ባሕር ዳር ኤርፖርት ከባሕር ወለል በላይ 6,000 ጫማ (1,800 ሜትር) ያህል ከፍታ አለው። በዚህ ከፍታ መደበኛው ሙቀት 3 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። በአንድ ሞቃት ቀን ሙቀቱ 27 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 24 ዲግሪ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ዲግሪ 120 ጫማ ስንጨምር የእፍጋት ከፍታው ወደ 8,900 ጫማ ይደርሳል። አውሮፕላኑ ገና ከመሬት ሳይነሣ ክንፉና ሞተሩ የሚያገኙት አየር በ8,900 ጫማ ላይ እንዳለው አየር የሳሳ ነው ማለት ነው።

ሴስና 172 ኤስ በሙሉ ክብደቱና በመደበኛ አየር በባሕር ወለል ላይ በደቂቃ 730 ጫማ ይወጣል፤ የአገልግሎት ከፍታ ጣሪያው 14,000 ጫማ ነው። ጣሪያ የሚባለው የመውጣት አቅሙ በደቂቃ ወደ 100 ጫማ የሚወርድበት ከፍታ በመሆኑ፣ አቅሙ በየ1,000 ጫማው በ45 ጫማ ገደማ ይቀንሳል ብሎ መገመት ይቻላል። በዚህ ስሌት ከባሕር ዳር ሲነሣ የሚኖረው የመውጣት ፍጥነት በደቂቃ 330 ጫማ ግድም ነው።

ወደ ምሥራቅ በእይታ ለሚበር አውሮፕላን ዓለም አቀፉ ሠንጠረዥ የሚሰጠው ከፍታ 11,500፣ 13,500 ወይም 15,500 ጫማ ነው። ከጉና ጫፍ በላይ ለተራራማ አገር የመሣሪያ በረራ የተደነገገውን 2,000 ጫማ ለጥንቃቄ ብንጨምር ወደ 15,500 ጫማ እንደርሳለን። ይህ ከሴስናው ጣሪያ በላይ ነው። 13,500 ጫማ ብንመርጥስ? የአየሩ ሙቀት በዚያ ከፍታ ከመደበኛው በ15 ዲግሪ ቢበልጥ የእፍጋት ከፍታው 15,300 ጫማ ይሆናል፤ የቀረው የመውጣት አቅም በደቂቃ 40 ጫማ ያህል ብቻ ነው። ጥቂት ቁልቁል የሚወርድ ነፋስ ይህን ይውጠዋል። ሐምራዊው መስመር ግን ሳይናወጥ ወደ ላሊበላ ማመልከቱን ይቀጥላል።

በተርቦ ዲዝል ሞተር የሚሠራው ዳያመንድ ዲኤ 40 ኤንጂ እስከ 16,400 ጫማ እንዲበር ተፈቅዶለታል፤ ስለዚህ 15,500 ጫማ በአቅሙ ውስጥ ነው። ሆኖም በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት ከ13,000 ጫማ በላይ አብራሪው ያለማቋረጥ ኦክስጅን መጠቀም አለበት። ተመሳሳይ ማሳያ ያላቸው ሁለት አውሮፕላኖች በአንድ መስመር ላይ ሁለት የተለያዩ ዕቅዶች ያስፈልጓቸዋል።

4. ሁለቱ ከፍታዎች

ሌላው የመደናገሪያ ምንጭ ከፍታን የሚለኩት መንገዶች መለያየት ነው። አብራሪው የሚያነበው ከፍታ ከአየር ግፊት የተገኘ ሲሆን፣ የመሬት ማሳያው በጂፒኤስ ከፍታ ላይ ይመሠረታል። አየሩ ከመደበኛው በ15 ዲግሪ ሲሞቅ ከኤርፖርቱ በላይ ባለው ከፍታ ላይ ወደ 6 በመቶ ልዩነት ይፈጠራል። በ12,000 ጫማ ለሚበርና ግፊቱን በባሕር ዳር ለሞላ አብራሪ ልዩነቱ 360 ጫማ ያህል ነው፤ ይህም የቢጫውን ቀለም ስፋት ሲሶ ያልፋል። በሞቃት አየር እውነተኛው ከፍታ ከተነበበው ስለሚበልጥ ስሕተቱ ወደ ደኅንነት ያጋድላል፤ በቀዝቃዛ አየር ግን ይገለበጣል። ሠልጣኙ ሁለቱ ቁጥሮች ለምን እንደማይገጥሙ ካላወቀ ከሁለቱ አንዱን ያለ ምክንያት ማመኑ አይቀርም።

5. የቅንጅት ሐሳብ

ከላይ ከተባለው በመነሣት ዕቅዱ ወደ ማሳያው ከመግባቱ በፊት ለእያንዳንዱ የጉዞ ክፍል አራት ነገሮች ተጽፈው እንዲቀመጡ እንመክራለን፦

ሀ) በመስመሩ ግራና ቀኝ ካለው ከፍተኛ መሬት የተሰላ ዝቅተኛ አስተማማኝ ከፍታ፤
ለ) በዕለቱ ሙቀትና ክብደት አውሮፕላኑ ሊደርስበት የሚችለው ከፍታ፤
ሐ) የታቀደው ከፍታ ካልተገኘ የሚመለሱበት ቦታ፣ ይኸውም ተራራው ሳይቀርብና መዞሪያ ሳይጠብ፤
መ) ጂፒኤስ ወይም ስክሪን ቢጠፋ በኮምፓስ፣ በሰዓትና በወረቀት ካርታ የሚያዘው አቅጣጫ።

«ለ» ከ«ሀ» ካነሰ መስመሩ ይቀየራል። በናሙናችን ከጉና በስተሰሜን በእብናት በኩል መዞር አንድ አማራጭ ነው። በካርታ ላይ ሲለካ ጉዞው ከ10 ኖቲካል ማይል በላይ አይረዝምም፤ በ110 ኖት ፍጥነት ይህ ከስድስት ደቂቃ ያነሰ ነው። የአዲሱ መስመር እያንዳንዱ ክፍልም በዚያው አራት መስፈርት መፈተን አለበት። የመመለሻው ቦታ እንደ አንድ ነጥብ በበረራ ዕቅዱ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ማሳያው ርቀቱንና ቀሪውን ደቂቃ ራሱ ይቆጥራል። አብራሪው በውጥረት ሰዓት ማስላት ሳይሆን አስቀድሞ የወሰነውን መፈጸም ብቻ ይቀረዋል።

6. ማጠቃለያ

እዚህ የቀረበው ስሌት የመውጣት አቅም በእኩል መጠን ይቀንሳል በሚል ግምት የተሠራ ነው፤ ለእውነተኛ በረራ የአውሮፕላኑ መመሪያ ሠንጠረዥ ይቀድማል። ድምዳሜው ግን በጥቃቅን የቁጥር ልዩነት አይለወጥም። የኤሌክትሮኒክ ማሳያ የአብራሪውን ሸክም የሚያቀልለው ዕቅዱ የአውሮፕላኑን አቅም ይዞ ሲገባበት ነው። ያለዚያ የጋይንትን ደጋ በጠራ ሥዕል እያሳየ አብራሪውን ሊሻገረው ወደማይችለው ተራራ ይመራዋል። በማሠልጠኛዎች የማሳያ አጠቃቀምና የአቅም ስሌት ሁለት የተለያዩ ትምህርቶች መሆናቸው ቀርቶ፣ እንዲህ ባሉ የአገራችን መስመሮች ላይ በአንድነት ቢሰጡ ይበጃል።