ስለ ደንጊያና ስለ ማዕድን ዝምድና፤ አፈርም ከምን እንደሚገኝ

ብዙ ሰው ማዕድን ሲባል ወርቅና ብር ብቻ ይመስለዋል፤ ደንጊያንም ለካብና ለመሠረት ካልሆነ በቀር የማይረባ ነገር አድርጎ ይቈጥረዋል። ነገር ግን ደንጊያ የሚሠራው ከማዕድን ነው፤ የእርሻም አፈር የዚሁ የደንጊያ ልጅ ነው። ስለዚህ ሕዝብና መሬት የሚያስተዳድር ሰው ሁሉ ይህን ሊያውቀው ይገባል።

ማዕድን ማለት በተፈጥሮ የተገኘ፤ የታወቀ ቅመምና የታወቀ የውስጥ አሠራር ያለው ግዑዝ ነገር ነው። ደንጊያ ግን የአንድ ወይም የብዙ ማዕድን ስብስብ ነው። ይህም በጤፍ ይመሰላል። ግራኒት የሚባለው ደንጊያ እንደ ሰርገኛ ጤፍ ነው፤ ሰብረው ቢመለከቱት መስተዋት የሚመስለው ኳርትዝ፤ ነጣ ወይም ቀላ ያለው ፌልድስፓር፤ የሚያብለጨልጨውም ሚካ ተደባልቀው ይታያሉ። ንጹሕ እብነ በረድ ግን እንደ ማኛ ጤፍ ነው፤ ከሞላ ጐደል ካልሲት የሚባል አንድ ማዕድን ብቻ ነውና። በሰሜኑ ደጋ የሚበዛው ጥቁር ደንጊያ፤ ይኸውም ባዛልት፤ አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ ቀልጦ የፈሰሰ ነው፤ ፈጥኖ ስለ በረደም ማዕድኖቹ ደቃቅ ሆነው በዐይን ለመለየት ያስቸግራሉ።

ደንጊያ በፀሐይና በብርድ፤ በዝናብና በዛፍ ሥር እየተሰነጠቀ ሲበሰብስ፤ እያንዳንዱ ማዕድን እንደ ጠባዩ ይሆናል። ኳርትዝ በቀላሉ ስለማይበሰብስ አሸዋ ሆኖ ይቀራል። ፌልድስፓር ወደ ሸክላ ጭቃ ይለወጣል። በባዛልት ውስጥ ያሉት ማዕድኖች ደግሞ ብረት፤ ማግኒዚዮምና ካልሲዮም ለአፈሩ ይለቃሉ። ስለዚህ ከግራኒት የተገኘው አፈር ብዙውን ጊዜ አሸዋማና ስስ ሲሆን፤ ከባዛልት የተገኘው ጭቃማና ለእህል የሚስማማ ነው። ውሃ በሚወርድበት ተዳፋት ብረቱ ዝጎ አፈሩ ይቀላል፤ ውሃ በሚተኛበት ሜዳ ግን ጥቁር ዋልካ ይሆናል።

በምዕራቡ ደጋ እንደሚታየው፤ ዝናብ በዝቶ ካልሲዮሙን ባጠበበት ስፍራ አፈሩ ይኮመጥጣል፤ እህሉም ይቀጭጫል። መድኃኒቱ ራሱ ከደንጊያ ይገኛል፤ የኖራ ደንጊያ ተፈጭቶ ቢበተንበት ኰምጣጣነቱን ያበርዳል። ይህም ደንጊያ በዓባይ ሸለቆ፤ በመቀሌ አካባቢና በድሬዳዋ አለ።

ማዕድንን ለመለየት የሚከተለው ይረዳል።

1ኛ፤ የኖራ ደንጊያ ደቆ ኃይለኛ የሎሚ ውሃ ቢንጠባጠብበት አረፋ ያወጣል።

2ኛ፤ ኳርትዝ መስተዋት ይጭራል፤ ካልሲት ግን ራሱ በቢላዋ ይጫራል።

3ኛ፤ ወርቅ በመዶሻ ቢመታ ይሳሳል እንጂ አይደቅም፤ ፒሪት የሚባለው ወርቅ መሳይ ማዕድን ግን ይደቅቃል። በጉጂ ምድር በለገ ደምቢ ወርቁ በኳርትዝ ጅማት ውስጥ ይገኛል፤ ነገር ግን የኳርትዝ ጅማት ሁሉ ወርቅ የለበትም። ስለዚህ ሳይመረመር ሰውን ከእርሻው አስነሥቶ ጕድጓድ ማስቈፈር ተገቢ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ሊታሰብ የሚገባው ይህ ነው። ደንጊያ በስብሶ የአንድ ጣት ውፍረት ያለው አፈር እስኪሆን ድረስ ብዙ መቶ ዓመታት ያልፋሉ፤ ያለ እርከን የታረሰ ተዳፋት ግን ያንኑ በጥቂት ክረምት ያጣዋል። በማሳው ላይ የተበተነው ደንጊያ ተለቅሞ በተዳፋቱ አግድም ቢካብ አፈሩን ይይዛል። ይህን ከክረምት አስቀድሞ ማሠራት የአገር ሀብት መጠበቅ ነው።