ፊርማ ሲቃረብ የሚመጣ የገዢ ጥያቄ

ጥያቄ፦ ነቀምቴ ያለኝን ቤት ለመሸጥ በጽሑፍ ተዋውለን ቀብድ ተቀብያለሁ። የስም ዝውውሩ ሊፈጸም ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ገዢው ጣሪያው እንዲጠገን፣ የውኃ ታንከሩ እንዲቀርለት፣ ከዋጋውም እንዲቀነስ ጠየቀኝ። የመቀበል ግዴታ አለብኝ?

መልስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ገዢው ቤቱን ዘግይቶ በጥንቃቄ ሲያይ ወይም ገንዘብ ሲያጥረው ነው። ወለጋ ዝናቡ ብርቱ ስለሆነ በበጋ የታየ ጣሪያ በክረምት ሌላ ሆኖ ይገኛል። ሻጭ የሚያውቀውን ፍሳሽ ደብቆ ከሆነ የጥገናው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ቢጠግን ወይም ወጪውን ቢያስብ ይሻላል። በር፣ መስኮትና የተዘረጋ የኤሌክትሪክ መስመር ከቤቱ ጋር ይሄዳሉ። ታንከር ግን በውሉ ካልተጠቀሰ የድርድር ጉዳይ ነው። በተፈረመ ውል የተቆረጠ ዋጋ በአንድ ወገን ፍላጎት አይለወጥም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። ቀብድን በተመለከተም ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ውሉን ያፈረሰው ሰጪው ከሆነ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ከሆነ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ሻጭ ተበሳጭቶ «ሽያጩ ቀርቷል» ማለቱ ሊያስከፍለው ይችላል።

የገዢውን ጥያቄዎች በጽሑፍ መቀበል፣ የተስማሙበትንም በደላላ ቃል ሳይተዉ ምስክሮች ባሉበት በተጨማሪ ውል ማስፈረም ይገባል። ገዢው ውሉን አፈርሳለሁ ካለ፣ ቤቱ የባንክ ዕዳ ካለበት፣ በውርስ የተገኘ ከሆነ ወይም የትዳር ጓደኛ ካልፈረመ፣ ምንም ከመፈረም በፊት ጠበቃ ያማክሩ።